የዮናታን አሥራ ሁለት ወታደሮች

ልጄ ሩሀማ፣

ከሰላምታው በፊት ይህን እወቂ፤ ሟቹ ወንድምሽ ዮናታን ቀለም ቀብቶ የተወልንን አሥራ ሁለት ወታደሮች አበላሽቻቸዋለሁ። ሌላ ሰው አልነካቸውም፤ እኔው ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወሬውን ወደ ዝናቡ መለስኩት፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

አሁን እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ በእምነትስ፣ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ትንሿ አብርሆት ጥርሷን አበቀለች? የጀርመኑን ብርድስ እንዴት ይዛችሁታል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ቦንጋ ዝናቡ ዘንድሮም አላባራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮናታን ለጠረጴዛ ላይ ጦርነት ጨዋታችሁ ከላክሽለት ሃያ የፕላስቲክ ወታደሮች፣ ታሞ በተኛበት አሥራ ሁለቱን ቀብቶ ስምንቱ ግራጫ እንደሆኑ ቀሩ። አንቺ ስትመጪ ካንቺ ጦር ጋር ሊያጋጥማቸው ነበር። እናትሽ ለሙት ዓመቱ ከፎቶግራፉ ሥር እንዲሰለፉ ስለፈለገች፣ የቀሩትን ልጨርስ ተቀመጥኩ።

እንደ ልማዴ በሥርዓት ያዝኩት። አውራ ጣት የማያህለውን ወታደር በጠርሙስ ክዳን ላይ እየለጠፍኩ፣ ቀለሙን በውሃ እያቀጠንኩ በስሱ ቀባሁ። በዚህ እርጥበት ቶሎ ስለማይደርቅ ለሁለተኛው እጅ ቅብ ቀን ሙሉ እጠብቅ ነበር። ስምንቱ አማሩልኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእሱ ወታደሮች ጎን ሳቆማቸው አልገጠሙም። የእሱ ወታደሮች የካባቸው አረንጓዴ ይለያያል፤ አንዱ እንደ ማንኪራ ጫካ የጠቆረ፣ አንዱ የገረጣ። የመጨረሻዎቹ አራቱማ የጋሻቸው ጠርዝ ተንጋዷል። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ደብተር ሳርም ኖሬ፣ ስሕተት መሰለኝ። የአንድ ጓድ ልብስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ብዬ በአሥራ ሁለቱም ላይ የእኔን አረንጓዴ ደረብኩባቸው፤ ጠርዙንም አቃናሁ። ደስ ብሎኝ እናትሽን ጠራኋት።

አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። «የልጄ የታሉ?» አለችኝ። እነዚሁ ናቸው አልኳት። «እነዚህማ ያንተ ናቸው» አለች። ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። ካባዎቹን የለያየው ሆን ብሎ ነው፤ «እማዬ፣ ዝናብና ፀሐይ የበላው ልብስ እንዴት አንድ ይሆናል?» ይላት ነበር። በመጨረሻዎቹ አራት ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ክርኑን ደግፋ ያስቀባችው እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ ሳሎን ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማ ነበር። «ደግ አደረግህ፣ መምህር፤ ልጄን አረምክልኝ» ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርብልኛለች እንጂ ስሜን አልጠራችም።

በማግስቱ የእኔን ቀለም ብቻ አነሣለሁ ብዬ አንዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። የእኔም የእሱም አብሮ ወረደና ግራጫው ፕላስቲክ ወጣ። አሥራ አንዱን ከዚያ ወዲያ አልነካኋቸውም። የልጄ እጅ ከሥር አለ፤ ልየው ብል ይጠፋብኛል።

ልጄ፣ አንዱን በጨረሰ ቁጥር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሽ እንደነበር ከእናትሽ ሰምቻለሁ። የእሱ ስልክ ተቆልፎ ቀርቷል። ፎቶዎቹ ካሉሽ፣ በተለይ ጋሻቸው የተንጋደደባቸውን አራቱን፣ ላኪልኝ። አሳጥቤ እነሱን አሰልፋለሁ፤ የእኔዎቹ ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ። አጥፍተሻቸው ከሆነም እውነቱን ንገሪኝ። እኔ በምን አፌ እወቅስሻለሁ?

በእምነትን ሰላም በይልኝ፤ አብርሆትን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉብርሃን ሰላም ብለውሻል። እናትሽ ለማን እንደምጽፍ አይታ «ልብስ ትደርብ በላት» ብላለች፤ ሰሞኑን ከአፏ ያገኘሁት ረጅም ቃል ይኸው ነው።

ሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ሃያ ይውላል። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ብቻ አንቺም ዝም እንዳትይኝ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ ሣህሌ
ቦንጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.