የዌንደል ኳስ

ዴይተን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1986

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽንስ ይህ ብርድ እንዴት አድርጎታል? እኔ ሳሉ አልለቀኝም እንጂ ደህና ነኝ። የላክሽው የፖም ማርማላታ ደርሶኛል፤ ቆሜ ነው የጨረስኩት።

እንዳዘዝሽኝ ቅዳሜ ዕለት የልጅሽን የዌንደልን ኳስ ይዤ ሄድኩ። «ሰውየው ሳይሞት፣ አንተም ሳትሞት፣ በልጄ ስም በአፍህ አመስግነው» ብለሽኝ የለ? ሮስኮ ቴልማን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጦ ይፈርማል፤ ሰልፉ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወጥቷል። ያን ሲመታ ስታዲየሙን በሙሉ ከመቀመጫው ያስነሳ የነበረውን የቤዝቦል ጀግና ጭኑ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ነው ያገኘሁት። ከኋላዬ የቆመው ጎረምሳ «ኧረ ይራመዱ አባት፣ የመጨረሻው ዙር አለቀ እኮ!» እያለ ያሾፍብኛል። እግሬ ግን አልነሳ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የተጫዋቾቹን ማልያ በማጥብበት ዘመን፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ለደጋፊዎች የሚፈረም ኳስ የሞላ ሳጥን ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሌሎቹ ራሳቸው ይፈርማሉ፤ ለቴልማን ግን የምንፈርምለት እኛ ሠራተኞቹ ነበርን። ዌንደል ሆስፒታል ተኝቶ «የቴልማንን ፊርማ አምጣልኝ» ብሎ የለመነኝ ጊዜ፣ ሰውየው ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ጫማውን ይፈታ ነበር። ተሸንፈው ነበር፣ ፊቱ ጠቁሯል፤ ከሽንፈት በኋላ ደግሞ ተጫዋች ማናገር ክልክል ነው። ፈራሁ፣ እህቴ። «ለዌንደል፣ በርታ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፊርማውን አሳምሬ ፈረምኩበት። በሦስተኛው ሳምንት ልጁን ቀበርነው። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ ልናገር?

ተራዬ ደርሶ ኳሱን ሰጠሁት። ምስጋናዬን ሳልጀምር «ይህን ኳስ አውቀዋለሁ» አለኝ። ባለፈው ጸደይ አንዲት እናት አምጥታ አሳይታው ነበር። «የእኔ እጅ ጽሕፈት አይደለም» ቢላት፣ «አውቃለሁ፤ ልጄም ያውቅ ነበር» አለችው። አጎቱ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፍለት ስለነበር ጽሕፈቱን ገና ሲያየው ለይቶት፣ «እማ፣ አደራሽን፣ አጎቴ እንዳያፍር» ብሎ አስምሏት ኖሯል።

ከዚያ ሽማግሌው ቀና ብሎ «አጎትየው አንተ ነህ?» አለኝ። ብዕሩን አነሳና «እንግዲያው አሁን በገዛ እጄ ልፈርምለት» አለ። የኳሱ ግማሽ ባዶ ነው። «ቦታ የለውም» ብዬ ኳሱን መልሼ ወሰድኩ።

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሃያ ስምንት ዓመት በየገናው ከጎኔ ተቀምጠሽ ሥጋ ስትቆርጪልኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኳሱን በሰጠሁት ቀን ዌንደል አንገቴን አቅፎ «አጎቴ፣ የእውነት ሰውየው ራሱ ነው ስሜን የጻፈው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዳግመኛ ጠየቀኝ። አሁንም አዎ አልኩት።

ኳሱን በጥጥ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ለምስጋና ቀን ማዕድ ና ካላልሽኝ አልቀየምም። አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ክረምቱን በሰላም ያውጣሽ።

የዌንደል አጎት