እትዬ አየር ላይ ሳለች

አባዬ፣

ከተለየኸን ወር ሊሞላ ነው። ስጽፍልህ አፍራለሁ፤ ግን ዛሬ ካልነገርኩህ ነገ የምደፍር አይመስለኝም። እትዬ ሰናይት አሁን አውሮፕላን ላይ ናት። ከዱባይ ወደ አንተ እየመጣች ነው፤ መሞትህን ግን አታውቅም።

ቤታችን እንደ ድሮው አይደለም። የስፌት መኪናህን ወደ ጓዳ አስገብተነዋል። አንተ ተቀምጠህ ትሰፋበት የነበረው ደጃፍ የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። አክስቴ ከአንገር ጉቲን መጥታ ከእኔ ጋር ናት።

ከቀብርህ መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና፣ በሰው አገር ብቻዋን መርዶ ብትሰማ ማን ይይዛታል፣ እስክትመጣ ይደበቅ አሉ። ስልክ የሚያነሳላት ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ውሸት አታውቅም፣ ታምናታለች» አሉ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ።

አባዬ፣ አወቅኩበት። መጀመሪያ «ጉሮሮው ተዘግቷል፣ መናገር አይችልም» ብቻ ነበር የምለው። ኋላ ግን አጥሚት ጠጣልሽ፣ ፀሐይ ሞቀልሽ፣ በምርኩዝ እስከ በር ወጣልሽ ማለት ጀመርኩ። ይህን ያህል ዋሺ ያለኝ ሰው አልነበረም። የሚያሳፍረኝ ግን መዋሸቴ ብቻ አይደለም። እሑድ ደርሶ እስክትደውል እጓጓ ነበር። ከእሷ ጋር ሳወራ ይሻልህ ነበር፤ ስልኩን ስዘጋው ትሞትብኝ ነበር። ዛሬም አውሮፕላኑ እንዲዘገይ ተመኘሁ፤ እህቴን እንዲያ እየናፈቅኳት።

እትዬ ስትሄድ ከዱባይ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በስልኬ እንድፈልግልህ ጠየቅኸኝ። አራት ሰዓት ስልህ ሳቅህ። «በክረምት ከጉቲን ከምትመጣው እህቴ ይልቅ ልጄ ትቀርበኛለች» አልክ። አሠሪዎቿ ፈቅደው እስኪለቋት የሚፈጀውን ጊዜ ግን አንተም እኔም አላሰብነውም።

አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቴ ማታ ተቀብሏት፣ ምንም ሳይነግራት ጠዋት በመኪና ወደ ነቀምቴ ይዟት እንዲመጣ፣ መርዶውም እዚሁ በራችን ላይ እንዲነገራት ተወስኖ ነበር። እኔም ስታርፍ ደውዬ «እየጠበቀሽ ነው» እንድላት ታዘዝኩ። ከአዲስ አበባ እዚህ ሙሉ ቀን ነው፣ አባዬ። ቀኑን ሙሉ አለህ ብላ፣ ባኮ ላይ ወርዳ ማንጎ ልትገዛልህ።

ምሳ ላይ «እኔ አልላትም» አልኩ። ሰው በተሰበሰበበት ድምፄ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«ዛሬ ደግሞ አፍ አወጣሽ?» አለችኝ አክስቴ።

አንገቴን ደፋሁ። አዴ ጫልቱ ግን በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ብለው እጄን ያዙ፤ «ልጄ እውነቷን ነው። የሞተውን አለ እያሏት ምን ቀን ሙሉ ያጓጉዟታል?» አሉ። ወዲያው ለአጎቴ ተደወለለት። ነገ ማለዳ፣ መኪና ሳይሳፈሩ፣ እሱ ቤት ዘመድ ባለበት ይነግራታል።

ከዚያ ለእኔ ትደውላለች። የምትጠይቀኝንም አውቃለሁ፤ «አጥሚቱን ታዲያ ማን ጠጣው?» ትለኛለች። ስልኩን ግን አነሳለሁ፤ ብታለቅስም ብትሰድበኝም አልዘጋባትም።

ስትመጣ፣ እኔ የፈጠርኩትን አባት ሳይሆን አንተን እነግራታለሁ። በመጨረሻው ቀን ውሃ እንኳ መዋጥ እንዳቃተህ፣ ዓይንህን ወደ በሩ አድርገህ ስሟን እንደጠራህ። ያንን አልረሳውም አባዬ፤ አላሳምረውምም።

ልጅህ