ያላነበብኩለት መስመር

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018

ዛሬ ከአባዬ ጋር ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄድን። ወንድሜን በጩቤ ወግቶ የገደለው ልጅ የተፈረደበት አሥራ አራት ዓመት በይግባኝ ወደ ስምንት ወርዷል። አባዬ ሽመናውን ትቶ የክት ኮቱን ለብሶ መጣ። "እኔም ይግባኝ ልበል" አላት ዐቃቤ ሕጓን።

ደህና ሴት ናት፤ በትዕግሥት አስረዳችው። "አባቴ፣ የሟች ቤተሰብ በቅጣት ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። ለእኛም የቀረን ሰበር ብቻ ነው፤ ሰበር ደግሞ የሕግ ስህተት ካላገኘ ቅጣቱ አነሰ ብሎ አይነካውም። እዚህ ስህተት የለም።" መዝገቡን ገልጣ የእርቁን ወረቀት አሳየችን። ቅጣቱ የቀለለው በሱ ነው። መጨረሻው ላይ "ቅጣቱ ቢቀልለት አንቃወምም" ይላል፤ ከሥሩ የአባዬ የጣት አሻራ አለ።

እርቁ የተፈጸመ ቀን የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች የልጁን አባት ይዘው ቤታችን መጡ። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። አባዬ ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ያቺን መስመር አይቻታለሁ። አባዬ ያለቅሳል፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዘለልኳት።

በታክሲ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለስን። ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀመጠ።

"ስታነቢልኝ እንደዛ የሚል ነበረው እንዴ?" አለኝ።

"አላስታውስም" አልኩት።

"እንግዲህ እኔ ነኝ ሳልሰማ ያለፍኩት" አለና መወርወሪያውን አነሳ።