የታገደው ኮምፓይለርና ማሽን ውስጥ ያሉት እንቁላሎች

ቀን፦ ጥር 14

ለአነስተኛ ሥራዎች ድጋፍና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ፕሮግራም የምንሠራበት ኮምፓይለር እገዳው እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የገጣጣሚ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቃል ባበላሽ ሐሳቤን ይዩልኝ። ማኅበራችን የማስፈልፈያ ማሽን ሙቀት የሚቆጣጠር ሰሌዳ ይሠራል። ሰሌዳው ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች። እኛ በካውያ እንበይዳለን፣ ፕሮግራሙን የምትጽፈው የእህቴ ልጅ ናት። ኮምፓይለር የሚባለው እሷ የጻፈችውን ቺፗ ወደሚገባት ቋንቋ የሚለውጠው ነው።

1. ጽሕፈት ቤቱ ገዝቶ ያስቀመጠው ኮምፓይለር አለ። መልካም ነው፣ አልዋሽም፤ ስህተትን መስመር በመስመር ያሳያል። ግን የሚሠራው በእናንተ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ስንቱ ማኅበር ተሰልፎ። ለሙከራ የሚሰጠው ቅጂው ደግሞ ፕሮግራሙ ረዘም ሲል አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ልጅቱ በነፃ የሚገኘውን መረጠች። በአሮጌው ላፕቶፓችን ይሠራል፤ ቺፗ ላይ መጫኛውም በእጃችን አለ።

2. ስህተቱ እንዲህ ነው የደረሰው። ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ትንሽ ቆይቶ እንዲበራ፣ ልጅቱ ቺፗን ዝም ብላ እንድትቆጥር አድርጋት ነበር። ኮምፓይለር ትርፍ የመሰለውን ትእዛዝ የሚቆርጥበት ማሳጠሪያ አለው፤ መጀመሪያ በእናንተው ስትሞክረው ይህ ስላልተከፈተ ቆጠራው እንዳለ አለፈ። በእኛው ላይ ግን ተከፍቶ ነበርና፣ ይህ ቆጠራ የሚያወጣው ውጤት የለም ብሎ ጠርጎ ጣለው። ማሽኑ ደንበኛችን ቤት ገብቶ ሲበራ ማብሪያ ማጥፊያው እንደ ስፌት መኪና ይንጣጣ ጀመር። እግር ጥሏቸው ተቆጣጣሪያችሁ በዚያው ሰዓት ደረሱ። «የነፃ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» አሉና፣ በዚህ ኮምፓይለር የተሠራ ፕሮግራም በማንም ደንበኛ ማሽን ላይ እንዳንጭን ጽፈው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ያዩት ያስፈራል። ልጅቱም «አክስቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለኮምፓይለሩ በደንብ አልነገርኩትም» ብላኛለች።

3. አሁን ቆጠራውን ቺፗ ውስጥ ላለው ሰዓት ቆጣሪ ሰጥታዋለች፤ እሱን ማሳጠሪያው አይነካውም። ከሰኞ ጀምሮ በሙከራ ሳጥናችን ላይ ያለ እንከን እየሠራ ነው። በደንበኛዋ ማሽን ላይ ግን መጫን አልተፈቀደልንም። በእናንተው እንዳንሠራው፣ ቁልፉን የያዙት ባለሙያ ሥልጠና ሄደዋል ተባልን፤ ክፍሉ ዝግ ነው።

4. ማሽኑ ከተበላሸው አሮጌ ማስፈልፈያዋ ተዛውሮ የገባ እንቁላል ሞልቶታል፤ ሊፈለፈልም ተቃርቧል። እኔ፣ እህቴና ደንበኛችን ቴርሞሜትር ላይ አፍጥጠን ማሞቂያውን በየተራ በእጃችን እናበራለን፣ እናጠፋለን። ቁጭ ብዬ እህል መቅመስ አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዴ ሸለብ አድርጎን ሙቀቱ ወርዶ ነበር፤ ምን እንደጎዳ ገና አናውቅም። ደንበኛዋ ትናንት «ማሽን ሸጣችሁልኝ ስል፣ ለካ እኔኑ ዶሮ ልታደርጉኝ ኖሯል» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ልጆቿን የምታሳድገው በእነዚህ ጫጩቶች ነው።

5. ልብስ ሰፊ ሳለሁ በምን መቀስ ቆረጥሽ ያለኝ ደንበኛ የለም፤ ስፌቱን ጎተት አድርገው ነበር የሚያዩት። እኛንም እንደዚያው እንዲያዩን በትሕትና እጠይቃለሁ። ለዚህች አንድ ማሽን እገዳው ዛሬውኑ ይነሳልን። ተቆጣጣሪው ፕሮግራሙ ሲጫን አጠገባችን ቆመው፣ ሙቀቱን በራሳቸው ቴርሞሜትር ይለኩ፤ ቢበላሽ እኔው ልጠየቅ። ለወደፊቱም ማኅበራት ኮምፓይለራቸውን እንደ አቅማቸው ይምረጡ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ያለቀውን ሰሌዳ ይመርምር።

ይህን የምጽፈው እዚሁ ኮሪደራችሁ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው። ጸሐፊዎ «እትዬ፣ መልሱ በደብዳቤ ይላክልዎታል» ብላኛለች፤ አክብራ ነው ያናገረችኝ። ግን ጫጩት ደብዳቤ አይጠብቅም። ልጅቱ ገመዱን ማሽኑ ላይ ሰክታ የእኔን ስልክ እየጠበቀች ነው። እሺታዎን በሩን ገርበብ አድርገው በቃል ቢነግሩኝ ይበቃኛል፤ ማኅተሙ ኋላ ይደርሳል።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
(ፊርማ)
የገጣጣሚ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት