የመዝጋቢው ፊርማ

ቀን፦ ሚያዝያ 9

ለሱፍ ጥራት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሱፍ መለኪያ መሣሪያው ከእርሻዬ እንዳይነሳና መዝጋቢ እንዲመደብልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በግ አርቢ ስሆን፣ ከባለቤቴ ጋር በቢሮው ፈቃድና መሣሪያ በእርሻችን ላይ የአካባቢውን በጎች የሱፍ ውፍረት ስንለካ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶናል። መመሪያው ሥራውን ለሁለት ሰው ይሰጣል። እኔ መሣሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር እጠራለሁ፣ እሱ ይመዘግባል፣ በመጨረሻም ሁለታችን እንፈርማለን።

2. ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት አርፏል። ለቢሮው አላሳወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራና ጠረጴዛውን ዞሬ በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ከሥሩም የእሱን ፊርማ እፈርማለሁ። የቢሮው ተቆጣጣሪ ይህን ደርሰውበት “ማጭበርበር” ብለው ጽፈውታል። ቃሉ ቢያመኝም አልከራከርም፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ማየት አቅቶኝ ነው እንጂ ሰው ላታልል አልነበረም። ባለፈው ወር ደግሞ፣ ነገሩ ሳይታወቅ፣ ቢሮው ራሱ ባለቤቴ ያለ ስህተት ስለመመዝገቡ የምስጋና ደብዳቤ በስሙ ልኮለታል። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ብቻዬን አለቀስኩ።

3. ተቆጣጣሪው ያላገኙት ሌላ ጥፋት ስላለ እኔው ልናገረው። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ቢሮው የሚልክልንን፣ ውፍረቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ሱፍ እንለካለን። ልኩ 20.4 ማይክሮን ነው፤ ከ0.3 በላይ ከተዛነፈ መሣሪያው ሳይስተካከል ሥራ አይጀመርም። የካቲት 20 ጠዋት 21.1 አነበብኩ። ባለቤቴ ቢኖር ብዕሩን አስቀምጦ “ድገሚው እስቲ፣ ዓይንሽ ገና አልነቃም” ይለኝ ነበር። ማንም ምንም አላለኝምና ጽፌ አለፍኩ። በዚያ ቀን የጎረቤቴን ሠላሳ ስድስት በጎች ለካሁ፤ የሁሉም ሱፍ ከልኩ በላይ ወፍራም ሆኖ ተመዘገበ። እሱም እኔን አምኖ ሁለት አውራ በጎች ሱፋቸው ወፍራም ነውና ለዘር አይሆኑም ብሎ አረዳቸው። በኋላ መሣሪያውን ስከፍተው ልኩን ያዛባ አቧራ መስታወቱ ላይ አገኘሁ። ሄጄ ለጎረቤቴ ነገርኩት። “አንቺ እኮ እንዲህ አልነበርሽም” አለኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ ብቻዬን እንድሠራ እንዲፈቀድልኝ የሚጠይቅ ነበር። ቀድጄዋለሁ፤ መመሪያው ልክ ነው። መሣሪያው የፊታችን ሐሙስ እንደሚነሳ ተነግሮኛል። ከተነሳ የመለኪያ ክፍሉ ይዘጋል፤ ሰው የእኔን ደጅ የሚያንኳኳበት ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለዚህ የየካቲት 20 መዝገብ እንዲሰረዝ፣ ጥፋቴም በማኅደሬ እንዲያያዝ፣ ነገር ግን ፈቃዴ ሳይነጠቅ በሳምንት አንድ ቀን መዝጋቢ እንዲላክልኝ በትህትና አመለክታለሁ። የሚላከው ሰው ስለ ሱፍ ምንም ባያውቅ ግድ የለኝም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ስሳሳት “ተሳስተሻል” የሚለኝ ይሁን እንጂ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የበግ አርቢ