በባለቤቴ ለቅሶ የሳቅኋት ሳቅ ካላንደር ላይ ስለ መውጣቷ

ለተከበሩ የፍካት ለስላሳ መጠጦች ፋብሪካ የገበያ ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ጌታዬ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በየአጥሩ ላይ ተለጥፈው ክረምት ከበጋ ለሚስቁልን ወጣቶች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የደስታ፣ ሽያጭዎም እንደ ፍላጎትዎ እንዲሆን የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ለማወቅ ደብዳቤ እንደማያሻዎም ይገባኛል፤ ከመስከረም ወዲህ ከንፋስ ስልክ እስከ ላፍቶ ባለው ሱቅና ሻይ ቤት ሁሉ ጥርሴን ገልጬ ስስቅ በሚስማር ሰቅለውኛልና።

በስም ላያውቁኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። በዘንድሮው የ1990 ዓ.ም. ካላንደርዎ ላይ ከመሀል የተቀመጠው፣ በቀኝ እጁ የፍካት ጠርሙስ የጨበጠው፣ የፊት ጥርሱ የጎደለው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ገሠሠ ላቀው እባላለሁ። ዕድሜዬን በፖስታ ቤት ተቀጥሬ የሰው ደብዳቤ ለሰው ሳደርስ ኖሬ በጡረታ ወጥቻለሁ። ለክፍልዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ቢያጡ፣ ምናልባት አዲሶቹ ፖስተኞች ሰንፈው ይሆናል ብዬ በእግሬ መጣሁ፤ በእግሬ መጥቼ ያገኘሁት መልስ ደግሞ ካላገኘሁት የባሰ ሆነብኝ። ስለዚህ የቀረኝ ጋዜጣ ነው። ድፍረቴን ለሽበቴ ሲሉ ይለፉልኝ።

ቅሬታዎቼን ለማንበብ እንዳይደክሙ በተራ አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ድንኳኑ። ከቅሬታው በፊት ምስጋናው ይቅደም። የእድራችን አሮጌ ድንኳን ከመጣፉ ብዛት የመጀመሪያው ሸራ የቱ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በክረምት ለሞተ ሰው ቤተሰቡ ከታች፣ ድንኳኑ ከላይ ያለቅሱለት ነበር። በ1989 መስከረም ላይ ከክፍልዎ አንድ ክራባት ያሰረ ጎበዝ ወደ እድሩ ስብሰባ መጥቶ አዲስ ድንኳን በነፃ እንደምትሰጡን ባበሠረን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጎበዙም እግረ መንገዱን አስተማረን። ፍካት እስከ ዛሬ የበዓልና የሕመምተኛ መጠጥ ሆኖ መኖሩን፣ እኛን የመሰለ ደንበኛ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ካልመጣ፣ ወይም የሚጠየቅ በሽተኛ ከሌለ እጁን ወደ ኪሱ እንደማይሰድ፣ አሁን ግን ገበያው ወደ ወጣቱ መዞሩን፣ ወጣቱ ምክንያት ሳይፈልግ እንደሚጠጣ በትሕትና አስረዳን። በሬዲዮ ‹‹እንግዳዎን በፍካት ይቀበሉ›› ይሉን የነበሩት ባለ ለስላሳ ድምፅ ሰው ቀርተው በምትካቸው አንድ ጎረምሳ የሚጮህብን ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ለወጣቱ ከሆነ ድንኳኑ ለምን ለእድር እንደሚሰጥ አንዱ ቢጠይቀው፣ ድንኳን ማለት ሕዝብ ነው፣ ሕዝብ ባለበት ወጣት አለ፣ ወጣት ባለበት ፍካት አለ አለን። ሁላችንም አልገባንም፤ በነፃ ስለሆነ ግን አጨበጨብን።

ድንኳኑ ሲዘረጋ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። በአራቱም ጎን በር የሚያህል ከንፈር ይስቃል፤ ከከንፈሩም በላይ ‹‹ገና ምኑ ተነካና!›› ተብሎ ተጽፏል። የእድራችን ዳኛ አቶ ለታ ሮበሌ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ላፍቶ ያረሱ፣ እኛ ሁላችን ስንመጣ ቆመው የተቀበሉን ሰው ናቸው። ለሐዘን ጊዜ ጽሑፉ እንዳይታይ ድንኳኑን ገልብጦ መትከል ይቻል እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቁ። ጎበዙም በዚህ በኩል ምንም እንዳያስቡ፣ ድንኳኑ በውስጥም በውጭም የታተመ መሆኑን ገለጸላቸው።

ያንን ድንኳን የመረቀችልዎ ባለቤቴ ወይዘሮ ተናኘ ናት። ታኅሣሥ ላይ ዐረፈች። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ያለ ምፀት ላመስግንዎ። በመጨረሻዋ ሰሞን ጎረቤቱ ሊጠይቃት ሲመጣ ይዞላት ከሚመጣው ሁሉ በጉሮሮዋ የወረደላት የእርስዎ ብርቱካን ብቻ ነበር። በማንኪያ አጠጣት ነበር። እንግዲህ ገበያው ዞሮባቸዋል ከተባሉት ደንበኞች አንዷ እሷ ነበረች።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር እድሩ ለፋብሪካው እንዲያስታውቅ ውል ነበረ። እድርተኛ ደግሞ ቃሉን አያጥፍምና ‹‹ድንኳን ተተክሏል›› ብለው አስታወቁ። ለምን እንደተተከለ እነሱም አልተናገሩም፣ ከእናንተም የጠየቀ የለም። በሰልስቱ ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪናችሁ ዘፈን እያሰማች ስትመጣ አቶ ለታ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ ሮጠው አስቆሟት። ዘፈኑ ጠፋ፤ ሣጥኖቹ ግን ወረዱ፣ ፎቶ አንሺውም አብሮ ወረደ። ከጠጣው ጠርሙስ ቆርኪ ሥር የካናቴራ ሽልማት የደረሰው አንድ የሰፈራችን ሰውም በማግስቱ እሷኑ ለብሶ፣ ያንን ጥቅስዎን በጀርባው ይዞ ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አልፈርድበትም፤ ያለው ንጹሕ ልብስ እሱ ነበር።

ምናልባት በሥራ ብዛት ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ለብቻው አይተውም። ከቀብር በኋላ ጎረቤት እየመጣ ያጫውተዋል። ካርታ የሚያውቅ ካርታ ይጫወታል፤ ወግ የሚያውቅ ያወጋል። ሐዘንተኛውን ፈገግ ያሰኘ ሰው ጽድቅ እንደሠራ ይቆጠርለታል። መኪናችሁ በመጣች በሰልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ይህን ጽድቅ ሊሠሩ የተነሡት አቶ ለታ ነበሩ። ተናኘ ከመሀል ከተማ አግብቻት ወደ ላፍቶ የመጣች ሰሞን፣ በሁለት አጥር መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ላይ የአቶ ለታ በሬ ቆሞባት ኖሮ፣ በሬ እንዴት እንደሚባረር ስለማታውቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ፣ ‹‹እባክዎ ጌታዬ፣ ያሳልፉኝ›› አለችው። በሬውም አያት አያትና ዞር አለላት። አቶ ለታ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ይህን ሲያዩ ኖረዋል። ‹‹ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ በሬ ኮራብኝ፤ አንቱ ካላልሁት ለቀንበር አይነሣም ነበር!›› ብለው ሲጨርሱ፣ ሳላስበው፣ ማን እንዳስያዘኝ እንኳ የማላውቀውን ጠርሙስ እንደያዝሁ ሳቅሁ። ተናኘ ራሷ ጓዳ ሆና የምትሰማን መስሎኝ ነበር። ፎቶ አንሺዎ መብራቱን ቦግ ያደረገው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ካላንደሩ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ስኳር ልገዛ ወጋየሁ ሱቅ ብገባ ራሴን ከሚዛኑ በላይ ተሰቅዬ አገኘሁት። ወጋየሁ ደግ ሰው ነውና ‹‹ጋሼ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ!›› ብሎ የስኳሩን አልቀበልም አለኝ። ባለሙያዎችዎ በሥዕሉ ላይ ብዙ ደክመዋል። የንስሐ አባቴን ከግራ ቆርጠው አውጥተዋቸዋል፤ እሳቸውም ይህንን ሲያዩ አማትበው ፈጣሪያቸውን አመስግነዋል። ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ከቀኝ አውጥተዋል። የእኔን ሳቅ፣ የአቶ ለታን እጅና ጠርሙሶቹን አስቀርተዋል። ነጠላዬን ግን ረስተውታል። ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ አዘቅዝቄ እንደለበስሁት ይታያል። እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ሥዕሉን አንዴ ቢያይ ይህ ሰው ለቅሶ ላይ ነው ይላል። በቢሮዎ ውስጥ ግን ካላንደሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አንድ ልብ ያለ አልተገኘም፤ ወይም ተገኝቶ፣ ገበያችን የሆነው ወጣት አያውቀውም ተብሎ ታልፎ ይሆናል። ዛሬ ታክሲ ስሳፈር ወያላው ‹‹ምኑ ተነካና!›› እያለ ቦታ ይለቅልኛል። ክፋት የለውም፤ ማክበሩ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ባለቤቴ ወንድም። እውነቱን ለመናገር ነገሬ ሁሉ ይህ ነው፤ እስካሁን ያልሁት መንደርደሪያ ነበር። አቶ ግዛው የሚኖሩት ፍቼ ነው። እህታቸውን ቀብረው፣ አዝመራው ገና ከማሳው ስላልተነሣ በማግስቱ ተመለሱ፤ ስለዚህ በሰልስቱ አልነበሩም። በዚህ መስከረም ፍቼ አንድ ቡና ቤት ገብተው ግድግዳው ላይ አገኙኝ። የነጠላዬን አለባበስ አዩ፤ ሳቄን አዩ፤ ጠርሙሱን አዩ። ወዲያው ሰው ልከው፣ በእህቴ ለቅሶ ተከፍሎህ የሳቅህ ሰው፣ ሙት ዓመቷንም ከከፈሉህ ጋር አውጣ አሉኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ከብዙ ልመና በኋላ የሰጡት ቃል አንድ ነው፤ ሳይጠየቅና ሳይከፈለው ፎቶ መነሣቱን ፋብሪካው በማኅተም ካረጋገጠልኝ እመጣለሁ፣ ካለበለዚያ እዚያ ቤት አማች የለኝም። አቶ ግዛው ማኅተም ካላዩ የማያምኑ ሰው ናቸው። ተናኘ ደግሞ ከእሳቸው በቀር ወንድምም እህትም የላትም። ሙት ዓመቷ ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ከተወለደችበት ቤት አንድ ሰው ሳይቆምላት ሊያልፍ ነው። ይህ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ ቢሮዎ መጥቼ አንዲት መስመር ለመንሁ። የሕግ ክፍልዎ ከተመካከረ በኋላ፣ አልተጠየቀም፣ አልተከፈለውም ብሎ መጻፍ ሳይጠይቁና ሳይከፍሉ ማንሣታቸውን ማመን ስለሚሆን ፈጽሞ እንደማይቻል፣ ነገር ግን አሁን ተከፍሎኝ፣ ለማስታወቂያው ፈቅጄ ተነሥቻለሁ ብዬ ብፈርም ለሁላችንም እንደሚበጅ ተነገረኝ። አማቼ በስሕተት ያሉትን እኔ በፊርማዬ እውነት እንዳደርገው ተጋበዝሁ ማለት ነው። አልፈረምሁም። ስወጣም ባዶ እጄን አልሸኛችሁኝም፤ አንድ ሣጥን ፍካትና፣ ለዘመድ ይሆንዎታል የተባለ ጥቅል ካላንደር ተሸክሜ ወጣሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ዘመድ ሲኖረኝ አድላለሁ።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ጠፋኝ። የሚጠፋኝን ነገር የምታስታውሰኝ ተናኘ ነበረች።

ምን ማድረግ እንደምችል ሳስብ ሰንብቻለሁ። ካላንደሩን ከየሱቁ ልለምን አልሁ፤ ወጋየሁ ለእኔ ሲል አወረደው፤ ማዶ ያለው ባለ ሻይ ቤት ግን ግድግዳው ስንጥቅ ስላለበት ሌላ መሸፈኛ እንደሌለው ነገረኝ። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ እዚያ ስስቅ እከርማለሁ። ለሙት ዓመቱ አሮጌውን ድንኳን እንዳናወጣ፣ አዲሱ በመጣ ሰሞን ተቆራርጦ የእህል መሸፈኛ ሆኗል። ተናኘ በዚያው ከንፈር ሥር ትታሰባለች። እውነት እላለሁ፣ አቅም አጣሁ።

ልጄ አምሳለ ከቢሮዎ ይዤው የመጣሁትን ጥቅል ልታቃጥለው ነበር። አንዱን ከእጇ ቀማሁና አልጋዬ አጠገብ ሰቀልሁት። ስሰቅለው አይታ አለቀሰች፤ የሚነካካኝ ነገር ያለ መሰላት። ምን ልበላት? ከዚያን ቀን ወዲህ ስቄ አላውቅም። ተናኘ ለመጨረሻ ጊዜ ያሳቀችኝ ሳቅ ያለችው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሷንም ከእናንተ ጠርሙስ ጋር ካልሆነ ላያት አልችልም።

እንግዲህ የከበረ ጊዜዎን ስላባከንሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የወጣቱ ልብ ዘወትር እንዲከፈትልዎ፣ እርስዎም አርጅተው የሚወዱትን እስኪቀብሩ ድረስ ገበያው እንዳይዞርብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በዚያው በሚያውቁት ፈገግታዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ገሠሠ ላቀው
የቀድሞ ፖስተኛ፣ የዘንድሮ ካላንደር
ላፍቶ፣ ጥቅምት 1990 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ከላይ እንዳመለከትሁት፣ ባለቤቴ መንገድ የዘጋባትን በሬ አንቱ ብትለው ዞር ብሎ አሳልፏታል። እኔም ከዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ አንሥቶ እርስዎን አንቱ እያልሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሣ ቆይቻለሁ። ከዚያ በሬ ያነሰ ልብ ይኖርዎታል ብዬ አላምንምና፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እዚሁ ጠባቧ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።