ፍንጭትሽን የደፈነው ኮምፒውተር

ውድ እማዬ፣

ቀኑን ሙሉ የሰው ፎቶ ሳጎላ የምውለው ልጅሽ፣ ያንቺን ግን አንድ ደህና ፎቶ አላነሳሁም። ይሄ ያንገበግበኛል። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር «ዛሬ አልተበጠርኩም፣ ሌላ ቀን» ትይኝ ነበር፤ እሺ እያልኩ ሳዘገይ ሞት ቀደመኝ። የቀረን አንድ ብቻ ነው፤ የታናሽ እህቴ ምርቃት ላይ በአሮጌ ስልክ የተነሳው፣ ከኋላ ረድፍ ቆመሽ ፊትሽ ጥፍር የሚያክልበት።

ባለፈው ወር ሐኪሙ የአባዬ ዓይን እያደር እንደሚደክምና ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነገረን። ከክሊኒኩ ስንወጣ አባዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ጨርሶ ሳይጨልምበት ፊትሽን አጉልቼ ግድግዳ ላይ እንድሰቅልለት።

ሥራዬ አይደል፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፎቶ የሚያጠራው ፕሮግራም ውስጥ ሳስገባው ጥርት ያለች ሴት ወጣች። አክስቴ፣ ያቺው እህትሽ፣ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። አባዬ ግን አፍንጫው እስኪነካው ተጠግቶ አየና «ቆንጆ ናት። ማን ናት?» አለኝ።

ዋናውን ፎቶ መልሼ አየሁት። ለካ ፍንጭትሽ በፎቶው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት፤ ኮምፒውተሩ ቆሻሻ መስላው ደፍኗታል። የቀረውንም ከሌሎች ሴቶች ፊት እየገመተ ሞልቶታል። ስልኩ ያልያዘውን ማንም አያወጣውም፤ ቢበዛ ይፈለስፋል። ስንቱን ደንበኛ በዚህ እንደሸወድኩ ሳስበው አፈርኩ።

እልህ ያዘኝ። ያንኑ ጥፍር የሚያክል ፊት፣ ምንም ሳልነካካ፣ በር በሚያክል ወረቀት አትሜ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ከቅርብ ሲያዩት ቡናማና ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ነው። አክስቴ «እህቴን ሴራሚክ አደረግሻት፣ አውርጂው» ብላ ተቆጣች። አላወርድም አልኩ።

አባዬም ተጠግቶ ሲያየው ምንም አልታየውም። ክንዱን ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኩት፤ በሩ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ርቀት፣ በዚያ በደከመ ዓይኑ፣ አራት ማዕዘኖቹ ተዋህደውለታል። እጄን ጨበጥ አደረገኝ።

«ልትስቅ ስትል ነው ያነሷት» አለ።

ወንበሩን እዚያው በሩ ጋ አደረግሁለት። አክስቴ መተላለፊያ ዘጋህ ብትለውም ንቅንቅ አይልም። ኮምፒውተሩ የሠራትን ሴት አጥፍቻታለሁ፤ ያንቺ ግን አይወርድም፣ ቃሌ ነው። ትናንት አባዬ ፊቱን ወደ አንቺ እንዳዞረ «አሁን ዓይኔ ቢሄድም ይዟት ነው የሚሄደው» አለኝ።

ትልቋ ልጅሽ